የወደቀ ተዋጊ አውሮፕላንና የአብራሪው ዱካ፤ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ እንዴት ይፈለጋል?

ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ከአሮጌ ቆርቆሮና ከበርሜል ማንደጃ፣ መጥበሻና ማንቆርቆሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ከዓመታት በፊት አንዱ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተደግፎ የቆመ፣ ክንድ የሚያህል አሉሚኒየም አየሁ። ጠርዙ ላይ በሁለት ጣት ርቀት የተደረደሩ ሪቬቶች አሉበት፤ ራሳቸው ከቆርቆሮው ገጽ ጋር እኩል ነው፣ በጣት ብትዳስሱት አይቆረቁርም። ገልብጬ ሳየው ውስጡ የደበዘዘ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቷል። ድስት እንዲህ አይሠራም፤ የጭነት መኪናም እንዲህ አይሠራም። የሪቬቱን ራስ እስከዚህ ድረስ የሚያለዝበው ነፋስን እየሰነጠቀ የሚሄድ ነገር የሚሠራ ሰው ነው። ባለሱቁን ጠየቅሁት። «ቁራሌው በኪሎ ያመጣልኝ ነው፤ ከኤረር ነው ብሎኛል» አለኝ።

በኪሎ ተመዝኖ የተሸጠው ብረት የአንድ ሰው የመጨረሻ ደቂቃዎች ምስክር ሊሆን እንደሚችል ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ በድሬዳዋና በሐረር ዙሪያ የወደቁ ተዋጊ አውሮፕላኖችን ዱካ ስከታተል ቆይቻለሁ። አባቱ፣ ወንድሙ ወይም አጎቱ በርሮ ያልተመለሰ ሰው፣ ወይም ማሳው ውስጥ የአውሮፕላን ቁራጭ ያገኘ ሰው፣ ከየት መጀመር እንዳለበት የተማርኩትን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

ሁለት ደብተር ያዙ

አንዱ ደብተር የሰውዬው፣ ሌላው የአውሮፕላኑ ይሁን። ብዙ ሰው ስባሪውን ሲያገኝ ሰውዬውንም ያገኘ ይመስለዋል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

እዚሁ ድሬዳዋ የሆነውን ተመልከቱ። መጋቢት 6 ቀን 1933 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል 3ኛ ስኳድሮን አብራሪ ካፒቴን ጆን ፍሮስት በሃሪኬን አውሮፕላን ዝቅ ብሎ የድሬዳዋን የጣሊያን አየር ማረፊያ ሲደበድብ ከምድር በተተኮሰበት ተመታ። አቅራቢያው ባለ ሌላ ትንሽ ማረፊያ ላይ እንደምንም አሳረፈ። ይህን ያየው ጓዱ ሌተናንት ሮበርት ከርሾ የራሱን ሃሪኬን አጠገቡ አወረደ። ሃሪኬን ያለው አንድ መቀመጫ ብቻ ነው። ፍሮስት ከርሾ ጭን ላይ ተቀመጠ፤ መሪውንና የእግር መርገጫውን እሱ ያዘ፣ ከርሾ ከሥር ሆኖ የቀረውን ሠራ፣ ሁለቱም በአንድ አውሮፕላን ወደ ጦራቸው ተመለሱ። ከርሾ ለዚህ ሥራው ዲ.ኤስ.ኦ. የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ ኒሻን ተሸለመ። ፍሮስት ግን ከአንድ ዓመት ከሦስት ወር በኋላ፣ ሰኔ 9 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ ከውጊያ አልተመለሰም። አስከሬኑ አልተገኘም፤ ስሙ ግብፅ ውስጥ በኤል አላሜይን መታሰቢያ ላይ ተጽፏል።

ድሬዳዋ ላይ የፍሮስትን አውሮፕላን ያገኘ ሰው «እዚህ ሞተ» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ውሸት ይሆን ነበር። በእኛም ወገን እንዲሁ ነው። ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ ጦርነት አውሮፕላናቸው ተመትቶ ተማርከው፣ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሶማሊያ እስር ቤት ቆይተው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። በዚያ ሁሉ ዓመት ስባሪው መሬት ላይ ነበር፤ ሰውየው ግን በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ አውሮፕላኑን በቁጥሩ፣ ሰውዬውን በሰው አፍና በወረቀት ፈልጉ። ሁለቱን ደብተሮች አንድ ላይ የምትገጥሙት ሥራው ሲያልቅ ነው።

የትኛው ጦርነት ነው?

በዚህ አገር «ጢያራ ወደቀ» የሚል ወሬ ስትሰሙ ቢያንስ ከሦስት ዘመን የአንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው የ1928ቱ ወረራ ነው፤ ሐረር ከጦር ነፃ ከተማ ተብላ ሳለ መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላኖች የተደበደበችበት። ሁለተኛው ከ1932 እስከ 1933 ያለው ነው። ድሬዳዋ የጣሊያን ተዋጊ አውሮፕላኖች ሰፈር ነበረች፤ እንግሊዞች ከኤደን በብሌንሃይም ቦምብ ጣይ፣ በኋላም ከደቡብ በኩል የደቡብ አፍሪካ ሃሪኬኖች እየመጡ ይደበድቧት ነበር። ሦስተኛው የሶማሊያ ወረራ ነው፤ ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970።

ዘመኑን ለመለየት ዓመተ ምሕረት መጠየቅ ብዙም አያዋጣም። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ «ክንፉ ስንት ነበር?» በጣሊያን ጊዜ ከድሬዳዋ ይነሱ የነበሩት የጣሊያን ተዋጊዎች ሲ.አር.32 እና ሲ.አር.42 ክንፋቸው ድርብ ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተነባበረ። በ1969 እንዲህ ዓይነት ተዋጊ አልነበረም። ሁለተኛ፣ «መጀመሪያ አያችሁት ወይስ ሰማችሁት?» በሞተርና በመዘውር የሚበር ከሩቅ እያጉረመረመ ይመጣል። ዝቅ ብሎ በፍጥነት የሚያልፍ ጄት ግን ድምፁ የሚሰማው አናታችሁ ላይ ሲደርስ ወይም ካለፈ በኋላ ነው፤ አንዲት እናት «ጥላው ጤፌ ላይ አለፈ፣ ቀና ስል ሰማዩ ባዶ ነው፣ ከዚያ ሰማዩ ተቀደደ» ብለው ነግረውኛል። ይህን የምትናገር ሴት ስለ 1933 እየነገረቻችሁ አይደለም።

ቀኑ

ሥራው ሁሉ የሚንጠለጠለው ቀኑ ላይ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ።

የውጭ መዝገብ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የሰባትና የስምንት ዓመቱን ልዩነት ሁሉም ያውቃል፤ ሰው የሚሳሳተው በአንዷ ቀን ነው። ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት ዓመት ማግስት አዲሱ ዓመት መስከረም 12 በፈረንጅ ይገባል፤ ከዚያ እስከ ፈረንጆቹ የካቲት 29 ድረስ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋሉ። ምሳሌ ልስጥ። ጣሊያናዊው አብራሪ ቲቶ ሚኒቲ ደገሃቡር አቅራቢያ ወርዶ የተገደለው በፈረንጅ ታኅሣሥ 26 ቀን 1935 ነው። በተለመደው አቆጣጠር ብትለውጡት ታኅሣሥ 17 ይመጣላችኋል። የ1927 ጳጉሜን ስድስት ስለነበረች ግን ትክክለኛው ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። የስልክ መቀየሪያ ብትጠቀሙም አንድ ጊዜ በእጃችሁ ቁጠሩ።

ሰዓቱም እንዲሁ። የእኛ ሽማግሌ «ሦስት ሰዓት ላይ» ካለ ፈረንጁ ዘጠኝ ብሎ ነው የጻፈው። አንዳንድ የጦር መዝገብ ደግሞ በግሪንዊች ሰዓት ይያዛል፤ ያ ከእኛ አገር ሰዓት ሦስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ከመዝገቡ ጋር አልገጥም ያላችሁን ምስክር ከመጣላችሁ በፊት ሰዓቱን ለውጡና እንደገና ሞክሩ።

ለሽማግሌዎች ቀን ማለት በዓልና ጾም ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ስለሚውል «ለቁልቢ ስንሄድ» ወይም «ከቁልቢ ስንመለስ» የሚል ቃል ከየትኛውም ካላንደር ይበልጣል። የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ለመያዝ የሞከረው ነሐሴ 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ነው። ያን ዓመት ረመዳን የገባው ነሐሴ 10 ገደማ ነበር፤ ክርስቲያኑም ፍልሰታ ላይ ነው። ከተማው በሙሉ እየጾመ ነበር ማለት ነው። እናም «ጾም ላይ ነበርን፣ ጾሙም ገና መግባቱ ነው» የሚል ሙስሊምና «ፍልሰታ ሊፈታ ጥቂት ቀርቶ ነው» የሚል ክርስቲያን፣ ሳይተዋወቁ አንድ ሳምንት ላይ ይገናኙላችኋል። ይህን ዓይነት መገጣጠም ስታገኙ በቀይ አስምሩበት።

ሌሎች መቆሚያ ቀኖችም አሉ። ጣሊያን ሐረር የገባው ሚያዝያ 30 ቀን 1928፣ ድሬዳዋ በማግስቱ። የእንግሊዝ ጦር ሐረር የገባው መጋቢት 17 ቀን 1933፣ ድሬዳዋ መጋቢት 20። ጅግጅጋ ከሶማሊያ ጦር የተመለሰችው የካቲት 26 ቀን 1970። «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» እያላችሁ አጥብቡ።

የቦታ ስም

ሸዋ በር ያለው ባለሱቅ «ከኤረር» ሲለኝ ወደ ምዕራብ፣ በባቡር መስመሩ ላይ ወዳለችው ኤረር ሄድኩ። ለወራት ተመላለስኩ። የጠየቅሁት ሰው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። ኋላ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ነው «አንተ፣ የባቢሌውን ኤረር ማለቱ እንዳይሆን» ያለኝ። ከሐረር ወደ ባቢሌ ስትወርዱ የምታቋርጡት ሸለቆም ኤረር ነው። ሁለቱ መካከል ተራራ ብቻ ሳይሆን የሁለት የተለያዩ ቀናት ውጊያ አለ። ያን ጊዜ ሁሉ በከንቱ አጠፋሁት፤ እናንተ አታጥፉ።

ኮምቦልቻም ወሎ ብቻ አይደለችም፤ ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም አለች። ከሁሉ የከፋው ግን «ሐረር ሜዳ» ነው። ሐረር ሜዳ የቢሾፍቱ አየር ኃይል ሰፈር መጠሪያ ነው፤ ከሐረር ከተማ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። «ከሐረር ሜዳ ተነስቶ አልተመለሰም» የሚል ወረቀት የያዘ ቤተሰብ ሐረር ድረስ መጥቶ የከተማውን ዳር ሲያስስ አይቻለሁ።

የጣሊያን ወረቀት ጅግጅጋን «Giggiga»፣ ድሬዳዋንም «Dire Daua» ብሎ ነው የሚያሰፍረው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቦታ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና የጣሊያን አጠራሩን ጎን ለጎን ጻፉ። የጠፉትን ስሞች የአካባቢው ሰው ነው የሚነግራችሁ።

ሽማግሌዎችን መስማት

የ1933ቱን በዓይኑ ያየ ሰው ዛሬ ከዘጠና በላይ ነው። በ1969 አሥራ ሁለት ዓመት የነበረው እረኛ ግን ገና ስድሳዎቹ ውስጥ ነው፤ ጆሮውም ዓይኑም ደህና ነው። መዝገቡ ይቆያል፤ ወደ ሰዎቹ ቀድማችሁ ሂዱ።

ባዶ እጅ አይኬድም። ስኳርና ቡና ያዙ፤ የሚሰጧችሁን ሆጃ (በወተት የሚፈላ የቡና ገለባ) ተቀብላችሁ ጠጡ። ገንዘብ ግን ለምስክርነት አትክፈሉ፤ በሚቀጥለው ጊዜ የማያውቀውም ያውቃል። አጠራራችሁ የአገሩ ይሁን፤ ኦሮሞውን «ኦቦ»፣ አደሬውን «አው»፣ ሶማሌውን «አደር»፣ አማራውን «ጋሼ» ወይም «አባባ» ብላችሁ ጀምሩ። አውሮፕላኑንም በእነሱ ቃል ጥሩት። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ጢያራ» ይለዋል፣ ሶማሊኛ ተናጋሪው «ዲያራድ»።

በርጫ ላይ አትጠይቁ። ደስ የሚል ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን አምስት ሰው አንድ ላይ ሲቅም አምስቱ ትዝታዎች አንድ ይሆናሉ፣ የጨዋታ አዋቂው ትዝታ። እያንዳንዱን ለብቻው፣ ጠዋት፣ ከተቻለ ያየበት ቦታ ላይ አቁማችሁ አነጋግሩ። በርጫው ማን ማንን እንደሚያውቅ ለመስማት ይጠቅማል፤ ስም ልቀሙበትና ተነሱ።

ሴቶችን አትርሱ። ወንዶቹ የሚያወሩት ሰማይ ላይ ስለሆነው ነው፤ ማን ማንን እንደመታ። እንጨት የሚለቅሙና ውኃ የሚቀዱ የነበሩት ሴቶች ግን ምድር ላይ የቀረውን ያውቃሉ። ጨርቁ ምን ሆነ፣ ጫማውን ማን ወሰደ፣ ጉድጓዱ የት ተቆፈረ። የፓራሹት ጨርቅ ለስንት ዓመት ነጠላ ሆኖ እንደተለበሰ የሰማሁት ከሴት ነው። ያ ጨርቅ አብራሪው ከአውሮፕላኑ መውጣቱን ነገረኝ፤ ወንዶቹ ግን በአንድ ቃል «አብሮ ተቃጠለ» ብለውኝ ነበር።

አጠያየቁ ላይ ጥቂት ልበል። «ሚግ ነበር?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አዎ ይላችኋል፣ እንግዳን ላለማሳፈር። «ምን ይመስል ነበር?» በሉ። ፎቶ መጀመሪያ አታሳዩ፤ ካሳያችሁ በኋላ ትዝታው የፎቶው ይሆናል። «የት ቆመህ ነበር? ፊትህ ወደየት ነበር? ጭሱ ከየትኛው ኮረብታ ጀርባ ወጣ?» በሉ። ሰማይ ላይ ያለ ነገር ሁልጊዜ ከእውነቱ ቀርቦ ይታያል፤ «እዚያ ጋ ወደቀ» ያሉት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይርቃል። ግን ከሁለት የተለያየ ቦታ የተጠቆመ ሁለት አቅጣጫ ካገኛችሁ ካርታ ላይ መስመር ሳሉ፤ መስመሮቹ የሚቋረጡበትን ቦታ ያዙ። አስተርጓሚያችሁን ደግሞ አሳጥሮ እንዳይተረጉም አስቀድማችሁ ለምኑት። ሽማግሌው አምስት ደቂቃ ተናግረው አስተርጓሚው «አላየሁም ይላሉ» ካላችሁ፣ ያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ያለው ሁሉ ጠፋ።

ሲናገሩ ዝም የሚሉበት ቦታ ይኖራል። የሞተን ሰው ዕቃ የወሰደ፣ የተማረከን ሰው የደበደበ ጎረቤት ሊኖር ይችላል። አትጫኑ፤ ተመልሳችሁ ኑ።

ቦታው ላይ

መጀመሪያ ቀበሌ። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ ተናገሩ፤ ደብዳቤ ያዙ፤ የባለ ማሳውን ፈቃድ ጠይቁ። ቁፋሮ ደግሞ ጨርሶ የእናንተ ሥራ አይደለም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ መቆፈርን ይከለክላል።

ከዚያ ደኅንነት፤ በዚህ ላይ ልለምናችሁ። የ1969 እና 70 የውጊያ መሬት ላይ ያልፈነዳ ነገር ዛሬም አለ። የጄት መቀመጫ አብራሪውን ወደ ላይ የሚወረውረው በባሩድ ነው፤ ወንበሩ ሳይተኮስ ከወደቀ ባሩዱ እዚያው ሊሆን ይችላል። የጥይት ቀለህ ባዶ መስሎ ሙሉ ይሆናል። የጣሊያንና የእንግሊዝ ዘመን አውሮፕላን ሰዓትና መለኪያዎች በጨለማ እንዲያበሩ ሬዲየም ይቀቡ ነበር፤ ዱቄቱ ወደ ሳንባ ከገባ መርዝ ነው። ስለዚህ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱ እንጂ አትንኩ። የሚያጠራጥር ነገር ካያችሁ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱና ለፖሊስ ንገሩ። የሰው አጥንት ካያችሁም እንደዚሁ፤ አንዲትም አታንሱ።

የምትሄዱበት ወር ማሽላው ከታጨደ በኋላ ይሁን። ከሰኔ እስከ ጥቅምት መሬቱ አይታይም። የምትደርሱበትን ቦታ በስልካችሁ ጂፒኤስ መዝግቡ፤ ሌላ ቀን ያንኑ ዛፍ አታገኙትም። ቁራጩ የተገኘው የአሸዋ ወንዝ ውስጥ ከሆነ ደግሞ የወደቀበት ቦታ አይደለም፤ ጎርፍ አምጥቶት ነው። ሽቅብ ተከተሉት። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ጎርፎ ያደረገውን ያየ የድሬዳዋ ሰው ውኃ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም አይጠራጠርም።

ዓይነቱን ለማወቅ ሞተሩን ፈልጉ። ክንፍና አካል ድስት ሆኗል፤ ሞተር ግን ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይቀራል፣ ወይም የወሰደው ሰው ይታወሳል። ሲሊንደሮቹ በክብ ከተደረደሩ ቁጠሯቸው። 14 ከሆኑ፣ በሁለት ረድፍ፣ በዚህ አገር ሰማይ ላይ የነበረው ሲ.አር.42 በጣም ይመስላል። 7 ከሆኑ የጣሊያኑን ቦምብ ጣይ ካፕሮኒ 133ን አስቡ። 9 ከሆኑ ቸኩላችሁ ስም አትስጡ፤ የእንግሊዙ ተዋጊ ግላዲያተርም፣ ብሌንሃይምም፣ የጣሊያኑ ሳቮያ ቦምብ ጣይም ዘጠኝ ነው። ሲሊንደሮቹ በሁለት ዘንግ ተከፍለው እንደ ተገለበጠ ድንኳን ከቆሙና 12 ከሆኑ ሃሪኬን ወይም ሲ.አር.32 ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ በላዩ የተቀረጸው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው ወይስ ጣሊያንኛ እዩ።

ጄት ከሆነ ደግሞ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ሞተሮች ያሉት ተዋጊ ኤፍ-5 ነው፤ ያ የእኛ ነው። አንድ ረጅም ሞተርና የሩስያ ፊደል ያለበት ቆርቆሮ ካገኛችሁ ሚግ-21 ሊሆን ይችላል፤ «የጠላት ነው» ለማለት ግን አትቸኩሉ። ሶማሊያ ሚግ-21 ይዛ ነው ጦርነቱን የጀመረችው፤ ከ1970 መባቻ ወዲህ ግን ኢትዮጵያም ከሶቪየት ኅብረት ሚግ-21 ተቀብላለች፣ የኩባ አብራሪዎችም በረውበታል። ወገኑን የሚለየው ቁጥሩ ብቻ ነው። እያንዳንዱ አውሮፕላን የፋብሪካ ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ ሳህን አለው፤ ከዚያም ሌላ በየመዋቅሩ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ሸዋ በር ያየሁት ቆርቆሮ ጥግ ላይ የምስማር ራስ የሚያህሉ አራት አኃዞች ነበሩ፤ በእርሳስና በቀጭን ወረቀት አሻሸሁና ቀዳሁት። በፎቶ አይታይም ነበር። እናንተም ወረቀትና እርሳስ ያዙ።

ስለ ሰውዬው የሚናገረው ደግሞ የወንበሩና የመስታወቱ ቦታ ነው። መቀመጫውና የአብራሪው ክፍል መስታወት ክዳን ከዋናው ስባሪ ርቀው ብቻቸውን ከተገኙ፣ ጄት ከሆነ አብራሪው ሳይወጣ አልቀረም። ወንበሩ ከሞተሩ ጋር ከተጨራመተ ሌላ ነው። ርቀቱን በእርምጃ ለኩ፣ አቅጣጫውን መዝግቡ፤ የመጀመሪያው ደብተር የሚከፈተው እዚህ ነው።

ወረቀቱ

አሁን ቀን፣ ቦታና ዓይነት አላችሁ። ከዚያ በፊት ለመዝገብ ቤት የጻፈ ሰው «ስለ ወደቁ አውሮፕላኖች መረጃ ስጡኝ» ብሎ ይጽፋል፤ መልስም አያገኝም። ጥያቄያችሁ አንድ ገጽ ይሁን፤ በዚህ ቀን፣ በዚህ ቦታ፣ ይህ ዓይነት አውሮፕላን ጠፍቷል ወይ፣ አብራሪው ማን ነበር።

አዲስ አበባ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) እና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሂዱ፤ የ1969 እና 70 የአዲስ ዘመን ቅጾችን ገልብጡ። የጦርነት ጊዜ ጋዜጣ የጠላትን ኪሳራ እንጂ የራስን አይጽፍም፤ ለቀን ማጥበቢያ ግን ይጠቅማል። የአየር ኃይል መዝገብ በቢሾፍቱ ነው፤ ቤተሰብ ከሆናችሁ የዝምድና ወይም የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት አውጡ፣ የሰውዬውን የአገልግሎት ቁጥርና ማዕረግ አያይዙ። ከመዝገቡ ይበልጥ የረዱኝ ግን ጡረታ የወጡ የአየር ኃይል ቴክኒሻኖች ናቸው። አብራሪው ስለ ውጊያው ያወራል፤ ቴክኒሻኑ ግን ያ አውሮፕላን ከመነሳቱ በፊት ጎማው እንደተቀየረ ሁሉ ያስታውሳል፣ ቁጥሩንም በቃሉ ይዞታል።

የ1933ቱን ከሆነ የምትፈልጉት፣ የእንግሊዝ ስኳድሮኖች የዕለት መዝገብ ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ የጣሊያኖቹ ሮም በአየር ኃይላቸው የታሪክ ክፍል ነው። የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን መዝገብ ደግሞ በስልካችሁ በነፃ ይከፈታል፤ በስምና በቀን ፈልጉ። መቃብር ያልተገኘላቸው ብዙዎቹ የአየር ኃይል ሰዎች እንደ ፍሮስት በኤል አላሜይን መታሰቢያ ላይ ተጽፈዋል።

«ጣልን» የሚለውን ከ«ጠፋብን» ጋር አመሳክሩ። ሁለት አብራሪዎች አንድ አውሮፕላን ላይ ተኩሰው ሁለቱም «ጣልሁ» ይላሉ፤ ጭስ ተፍቶ ቤቱ የገባም እንደወደቀ ይቆጠራል። በየትኛውም አገር፣ የራስን ኪሳራ የመዘገበው ወረቀት ከድሉ ወረቀት ይታመናል። የሚኒቲን ነገር እንደገና እዩ። መሞቱ አያከራክርም፤ አሟሟቱ ላይ ግን እርስ በርስ የሚጋጭ ምስክርነት ነው ያለው፤ የፋሺስት መንግሥትም የጣሊያኑን ትረካ ለመርዝ ጋዝ ድብደባው ምክንያት አድርጎ አቅርቦታል። አንድ ወገን ብቻ የነገራችሁን አሟሟት «ተባለ» ብላችሁ እንጂ «ሆነ» ብላችሁ አትጻፉ።

አብራሪው በሕይወት ተይዞ ሊሆን ይችላል የሚል ፍንጭ ካለ ወደ ቀይ መስቀል ሂዱ። የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ የጦር ምርኮኞችን ስም ይይዛል፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም የጠፋ ዘመድ ፍለጋ ማመልከቻ ይቀበላል፣ አይከፈልበትም። የሶማሊያና የኢትዮጵያ ምርኮኞች የተለዋወጡት በ1980 ዓ.ም. ከተደረገው ስምምነት በኋላ ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ያለውን ጊዜ ሁሉ እንዲያዩላችሁ ጠይቁ።

ከመርዶ በፊት

ሁለቱን ደብተሮች ግጠሙ። ቀን፣ ቦታ፣ የአውሮፕላን ቁጥር፣ የሰው ስም። አራቱም እርስ በርስ ከማይተዋወቁ ምንጮች ከመጡ «ተረጋግጧል» ጻፉ። ሦስቱ ከሆኑ «ይመስላል»። ከዚያ በታች «ተብሏል»። የሸዋ በሩ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ «ይመስላል» ላይ ነው፤ ዓይነቱን፣ ሸለቆውንና ሳምንቱን አግኝቻለሁ፣ ስሙን አላገኘሁም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወንድሙ በ1970 ላልተመለሰለት አንድ ሰው የያዝኩትን በስልክ ነገርኩት። የያዝኩት «ይመስላል» ነበር፤ እሱ የሰማው «ሞተ» ነው። ቤቱ ድንኳን ተጣለ። ከሁለት ወር በኋላ የአውሮፕላኑ ዓይነት እንደማይገጥም አወቅሁ። ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅሁ፤ እናቲቱ ግን ለሁለተኛ ጊዜ ልጃቸውን መጠበቅ ጀመሩ። ይህን እስክሞት አልረሳውም።

ስለዚህ «ተረጋግጧል» ካልሆነ ለቤተሰብ አትንገሩ፤ ቢጠይቋችሁ እንኳ «እየፈለግሁ ነው» በሉ። ሲረጋገጥ ደግሞ በስልክ አይነገርም። መርዶ እንደ መርዶ ይነገር። የቤተሰቡን ታላቅ ለይታችሁ፣ ንስሐ አባታቸውን ወይም የመስጊዳቸውን ሰው ይዛችሁ፣ ጎረቤት ጠርታችሁ፣ በማለዳ ሂዱ። ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ ተዉላቸው፤ ቦታውን ማየት ከፈለጉ መንገዱን እናንተ ምሩ። የደገሃቡሩን ታኅሣሥ እንዳትረሱ፤ አስከሬን የሌለው ቤተሰብ ከዚያ ቀን በኋላ በየዓመቱ ተዝካሩን የሚያወጣው፣ ዱዓውን የሚያደርገው እናንተ በጻፋችሁለት ቀን ነውና ከማለዳው በፊት የነበረችውን ማታ ጳጉሜንን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ቁጠሩ።